የሊቀ ምላጭ ኤግበርት አውራ ጣት

ደረጃ ባለው ቤት ሁሉ፣ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል አንድ ሽማግሌ አለ። ፎቅ ያለ ጣሪያ ሊቆም ይችላል፤ ያለዚህ ሰው ግን ቆሞ አያውቅም። ዝናቡ ስንት ሰዓት እንደሚያባራ ያውቃል። የትኛው ሐኪም ገዳይ እንደሆነ ያውቃል። ድንችዎን ሲቀቅሉ ሽታውን ብቻ አሽትቶ ጨው እንደበዛበት ያውቃል። በሌላ ከተማ ይህ ሰው ስለ ኳስ ወይም ስለ መንግሥት ያወራል፣ ሰሚውም በራስ ምታት ብቻ ይተርፋል። በእኛ በጀርመኗ የቢላ ከተማ በዞሊንገን ግን የሚያወራው ስለ ስለት ነው። ስለት ደግሞ በተሳሳተ ምክር ሲያዝ ደም ያፈሳል።

አንከ ቤርትራም በምትኖርበት ቤት ይህን ወንበር የያዙት ሊቀ ምላጭ፣ መምህረ ሞረድ፣ የጢም ባለ ሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፣ ክቡር አቶ ኤግበርት ሽሉተር ናቸው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ወንዝ ዳር ባለ ሞረድ ቤት፣ ከአንከ አባት ጎን ተቀምጠው ቢላ ስለዋል። ጡረታ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል። አፋቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

እሳቸው ባሉበት ቢላ በሰላም አይቀመጥም። ያነሱና አፉን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ቀስ አድርገው ይጎትቱታል። ስለቱ ጥፍሩን ነከስ ካደረገ ደህና። ከተንሸራተተ ለባለቤቱ ወዮለት። የከተማችን ሞራጆች ሁሉ ልማድ ነው፤ ሌሎቹ ግን ሥራ ቦታቸው ትተውት ወጥተዋል። አቶ ኤግበርት ይዘውት ይዞራሉ። ዳቦ ቤት ገብተው የዳቦ ቤቱን ቢላ ፈትሸዋል፤ ከኋላቸው አሥራ አንድ ሰው ተሰልፎ ነበር። በአክስታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ኬክ ሊቆረስ ሲል ሙሽራዋን «ቆይ!» ብለው አስቁመው፣ ክሬም ባለበት ቢላ ጥፍራቸውን ነክተው፣ «ብረት አይዋሽም፤ ይሄ ቢላ ለቅቤ እንኳን አይሆንም» ብለው ፈርደዋል። የሐሞት ከረጢታቸው ሊወጣ የቀዶ ጥገና አልጋ ላይ ተጋድመው ሳለ ሐኪሙን «ዶክተር፣ እስቲ ያንን አንዴ ያሳዩኝ» ማለታቸውንና፣ ማደንዘዣው ቶሎ እንዲሰጣቸው የተደረገው በዚሁ ምክንያት መሆኑን የሚያወሩት ራሳቸው ናቸው። በኩራት።

የዚህ ሁሉ ሊቅ ፊት ግን የተጣፈ ነበር። ጠዋት ደረጃው ላይ ሲወርዱ አገጫቸው ላይ ሁለት፣ ጉንጫቸው ላይ አንድ፣ ጉሮሯቸው ላይ ለመቁጠር የሚያስቸግር ቁራጭ ሶፍት ተለጥፎ፣ መሐል መሐሉ ቀልቶ ይታያል።

«ምነው አጎት ኤግበርት፣ ከድመት ጋር ተጣሉ እንዴ?» ትላቸዋለች አንከ።

«የዘንድሮ ምላጭ ነው! ፋብሪካው ድሮ ቀረ። ይህን እኔ ድሮ ነው የተናገርኩት።»

ሁለተኛ ፎቅ ያለው የሙዚቃ መምህር የእሳቸውን ምክርና የእሳቸውን ምላጭ ለአንድ ሳምንት ተጠቅሞ ጢሙን ለማሳደግ ወሰነ። ዛሬ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል።

አንከ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ የተወለደች ሴት ናት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በከተማው ከላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄደውን አውቶቡስ ትነዳለች። ሽማግሌ ቆሞ ወጣት የተቀመጠ እንደሆነ አውቶቡሱን አቁማ፣ ተነሥታ፣ ወጣቱን በስሙ ባይሆንም በግብሩ ትጠራዋለች። የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው ራሷ አንብባ፣ ራሷ ተሟግታ ነው። በዚያ ዓመት ያቃጠላት ነገር ግን ከአውቶቡሱ ወንበር የከፋ ነበር።

አባቷን ራይንሆልትን ክረምት ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ሞተ፤ ንግግሩ ከሁለት ሦስት ቃል የማያልፍ ሆነ፤ የአረጋውያን መጦሪያ ገባ። መጦሪያው ንጹሕ ነው፣ ሾርባው ትኩስ ነው፣ መስኮቱ አበባ አለው። ማክሰኞና ቅዳሜ ግን አንዲት የኤሌክትሪክ መላጫ እየጮኸች ከክፍል ክፍል ትዞራለች። ዕድሜውን ሙሉ በየማለዳው ኩሽና ውስጥ ፊቱን በብሩሽ አረፋ ቀብቶ፣ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ በገባበት መላጫ ዝም ብሎ፣ ተረጋግቶ ሲላጭ የኖረ ሰው፣ ያቺ ማሽን ስትመጣ የቀረችውን ግራ እጁን ፊቱ ላይ ይጋርዳል። ታዲያ አንዷ ሠራተኛ እጁን ትይዛለች፣ ሌላዋ ትላጨዋለች።

አንከ ይህን በዓይኗ ያየችው አንድ ማክሰኞ ነው። ወደ ፎቁ ኃላፊ ወደ ወይዘሮ ሮስቪታ ቢሮ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«እጁን ትይዙታላችሁ! ሌባ ነው?»

ወይዘሮ ሮስቪታ ከዓይኗ ሥር የጠቆረች፣ ድካሟ የማያልቅላት ሴት ነበረች። «ሰው ሃያ ሦስት ነው፤ ማሽን አንድ ነው። ለአንድ ሰው ያለኝ ሰባት ደቂቃ ነው። ማጠብ፣ ማልበስ፣ መላጨት። ሰባት።»

«አባቴ እንቁላል ነው እንዴ፣ በሰባት ደቂቃ የምታወጡት?»

ወይዘሮ ሮስቪታ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። «እሺ። ቅዳሜ እርስዎ ራስዎ ይላጩት። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ። የሚወስደው መድኃኒት ደም ያቀጥናል፤ ትንሽ ጭረት ግማሽ ቀን ትደማለች። አንድ ጠብታ ካየሁ በዚያው ይብቃ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ነው፣ እስከ መጨረሻው።»

እስከ መጨረሻው። አንከ ሰው ላጭታ አታውቅም ነበር። አራት ቀን ነበራት።

በዚያኑ ዕለት ከሰዓት መሐል ከተማ ወዳለ የመላጫ ሱቅ ሄደች። ባለ ሱቋ አረጋዊት ናት፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ከዚህ በፊት ምን ላጭተው ያውቃሉ?»

«ድንች።»

«እንግዲያው ገራሙን ይውሰዱ።» ወፈር፣ ከበድ ያለ እጀታ ያለው መላጫ አወጣች። ጭንቅላቱ ዝግ ነው፤ ምላጩ ከብረቱ ከንፈር ብቅ የሚለው ለአመል ያህል ነው። «ይህ ሲሳሳቱ ይምርዎታል። ያኛው፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርሱን ያፈጠጠው፣ ቁጡ ነው፤ አይምርም። እጅ የለመደ ሰው ይወደዋል፤ ጀማሪን ግን ይገርፋል። አሥር ምላጭ፣ ሁለት ፓኮ ልስጥዎ። መጀመሪያ ፊኛ ነፍተው፣ አረፋ ቀብተው ይለማመዱ።»

በጤነኛ አገር ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ያወቀች ሴት መከረች፣ ያላወቀች ሴት ሰማች። ግን ደረጃው ላይ ሊቀ ምላጭ አሉ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አሉና ከረጢቱን ከእጇ ወሰዱ። መላጫውን አውጥተው ገለበጡት፣ እንደ ሞተ አይጥ ራቅ አድርገው ያዙት። «ገራም? ለራይንሆልት? ልጄ፣ ይሄ ኮክ ለመላጥ ነው!»

«ጀማሪ ነኝ።»

«ጀማሪ! እኛ ስንጀምር ማን ገራም ሰጠን? የሞራጅ ጢም ለገራም አይገዛም። አይቆርጥልሽም፣ ትጫኛለሽ፣ ስትጫኚ ያደማል። ቁጡ ነው የሚያስፈልግሽ። እኔ ጋ ያባቴ አለ። ብረት አይዋሽም!»

አንከ መላጫውን ከእጃቸው ቀማች። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ይነገር፦ በዚህ ዓለም ጀማሪን የሚያሳፍር ሰው ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው። ዋና የሚማረውን ጥልቁ ውስጥ የሚጥለው፣ መንዳት የሚማረውን ከኋላ ጡሩንባ የሚነፋበት፣ ማንበብ የሚማረውን ጎልማሳ የሚስቅበት፣ ሁሉም ከአንድ ማሕፀን ወጥተዋል። የራሳቸውን የመጀመሪያ ቀን ረስተውታል፤ ወይም በጣም ያስታውሱታል፤ ያኔ ያፈሰሱትን ደም ሌላው ካላፈሰሰ የተዘረፉ ይመስላቸዋል።

«ገራሙን ነው የምጠቀመው» አለች አንከ። «ጨረስኩ።»

«ደግ። ደግ። ምላጩን ግን ሳልፈትሸው አትነኪውም። ለራይንሆልት ፊት ነው!»

ይህቺን እሺ አለቻቸው። ምላጭ የሚያውቅ ሰው ምላጭ ቢፈትሽ ምን ይጎዳል? የአንዱን ፓኮ አምስት ምላጭ ይዘው ወደ ቤታቸው ወረዱ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከነመጠቅለያቸው አጣጥፈው፣ እንደ ቅዱስ ነገር በሁለት እጃቸው መለሱላት።

ረቡዕ የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ፊኛ ነፋች። አቶ ኤግበርት ለምስክርነት መጡ። አረፋውን ቀባች፣ መላጫውን ጋደል አድርጋ አስጠጋች፣ አንድ ስንዝር እንኳን ሳትሄድ ምላጩ ያዝ አደረገና ፊኛው ፈነዳ። አረፋው የሊቀ ምላጭ መነጽር ላይ አረፈ።

«አየሽ?» አሉ ከአረፋው ውስጥ። «ይህን እኔ ድሮ ነው የተናገርኩት።»

አራት ፊኛ ፈነዳ። በአምስተኛው ተስፋ ቆርጣ ባቷን አረፋ ቀባች። ምላጩ ይጎትታል። ይነጫል። ምላጭ ቀየረች፤ ይኸኛውም ይነጫል። ቀለል አድርጋ ስትይዝ ፀጉሩን ይዘለዋል፤ ጫን ስትል ቆዳውን ይዞ ይመጣል። በሦስት ቦታ ደማች። አንከ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ደሟን አየችው፤ የራሷ ደም ግን አልታያትም። የታያት የአባቷ ጉንጭ ነበር፣ የታያት በሩ ላይ የቆመችው ወይዘሮ ሮስቪታ ነበረች፣ የታያት የሚያዝ እጅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ያበሳጫት ግን ሊቀ ምላጭ እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም ብላ ማሰቧ ነው። ምናልባት ገራሙ በእርግጥ አይቆርጥም። ምናልባት የሱቋ ሴት ሸቀጥ አራግፋባት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት አቶ ኤግበርት የአባታቸውን ቁጡ መላጫ በጨርቅ ጠቅልለው ብቅ አሉ። ድል ያደረገ ሰው አካሄድ ነበር የሄዱት። ኩሽናው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው፣ «እንግዲህ ወደ እውነቱ እንመለስ» አሉ። «የቀሩትን ምላጮች አምጪ፣ ልፈትሽልሽ።»

አንከ ያልተነካውን ፓኮ አቀበለቻቸውና እጃቸውን ታይ ጀመር። አንዱን ምላጭ ከወረቀቱ አወጡ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት። ከዚያ ቀስ አድርገው፣ በፍቅር፣ አንዱን አፍ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎተቱት። ገለበጡና ሁለተኛውን አፍ ጎተቱት። ከጥፍራቸው ላይ ነጭ ብናኝ ረገፈ።

«ደህና ነው» አሉና አስቀመጡት።

አንከ ያንን ምላጭ አነሣች። ከፓኮው ውስጥ ሌላ፣ ያልፈተሹትን ወሰደች። ወንበር ላይ እግሯን ሰቅላ ባቷን አረፋ ቀባች። የተፈተሸውን በገራሙ መላጫ ውስጥ አስገባች፤ ነጨ። አወጣችው። ያልተፈተሸውን አስገባች። መላጫው በአረፋው ላይ ቁልቁል ሄደ፤ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ማንኪያ፣ ያለ ድምፅ። ከኋላው የቀረው ቆዳ ንጹሕ ነበር። አንዲት ጠብታ የለችም።

ከዚያ ኩሽናው ውስጥ አንድ ነገር ፈነዳ፤ የአሁኑ ግን ፊኛ አልነበረም።

«አንተ ነህ!» አለች አንከ። ከልጅነቷ ጀምሮ «እርስዎ» ስትላቸው ኖራለች። «አንተ! ከወረቀት የቀጠነ ምላጭ በጥፍርህ ላይ! ቢላ መሰለህ? ቢላ ወፍራም ነው፣ ይችልሃል! ይሄኛው አንዴ ጥፍር ከነካ አፉ ይሰበራል! የመምህሩ ጢም ደረቱ ላይ የደረሰው በአንተ ነው! ፊትህ ላይ ያ ሁሉ ወረቀት የሚለጠፈው፣ አርባ ዓመት ‹ፋብሪካው ተበላሸ› ስትል የኖርከው፣ ፋብሪካው አይደለም፤ አውራ ጣትህ ነው! የአባቴን ፊት ልታስጨርሰኝ ነበር! ገራሙን ሰደብከው፣ የሱቋን ሴት አስጠረጠርከኝ፣ እኔን በገዛ እጄ እንዳላምን አደረግከኝ! ብረት አይዋሽም? ብረቱማ ሲጮህ ነው የኖረው! አንተ ነህ ያልሰማኸው!»

አቶ ኤግበርት አውራ ጣታቸውን አዩት። ጥፍሩ ላይ አርባ ዓመት የቆፈረው ሰርጥ አለ። ከፍ አደረጉት፣ ዝቅ አደረጉት። ተነሥተው የአባታቸውን መላጫ በጨርቁ ጠቀለሉና ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጡ ወረዱ።

አንከ ልክ ነበረች፣ ልክ መሆኗንም ታውቅ ነበር። ሆኖም የዚያ ዕለት ሾርባዋ አልጣማትም።

ዓርብ ከሰዓት በሯ ተንኳኳ። አቶ ኤግበርት አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው ቆመዋል።

«ፊት ያስፈልግሻል» አሉ። «ፊኛ አጥንት የለውም። ባትሽም አገጭ የለውም።»

«የማን ፊት?»

«የራይንሆልት ጢም ጉሮሮው ላይ ወደ ጎን፣ ወደ ጆሮው ነው የሚተኛው። የእኔም እንደዚያው ነው። አርባ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ አውቀዋለሁ።» ወንበሩን ራሳቸው ወደ መስኮቱ ሳቡ፣ ተቀመጡ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጣሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አንከ ወረቀቶቹን በሞቀ ውሃ አርጥባ አንድ በአንድ አነሣች። ከሥራቸው አሮጌ ጭረት በአዲስ ጭረት ላይ ተደራርቧል። ያኔ ነው ወደ እጃቸው ያየችው። ሁለቱም እጆች የወንበሩን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል፤ ቢሆንም ይንቀጠቀጣሉ። ከፍርሃት ብቻ አልነበረም። ደረጃ ላይ ሲያወሩ አንዱ እጅ ኪስ ውስጥ፣ ሌላው በመከታው ላይ የሚሆንበትን ምክንያት ሰባት ዓመት በአንድ ሕንፃ ኖራ አላየችውም ነበር። ሰውዬው በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ በተሰበረ ምላጭ፣ በዚያ በቁጡ መላጫ፣ በየማለዳው ብቻቸውን ሲዋጉ ኖረዋል። አንድም ጠያቂ አልነበራቸውም። መልስ ብቻ ነበራቸው።

ብሩሹን አረፋ ውስጥ ነከረች።

ሊቀ ምላጭ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዝም አሉ። ይህ በቤቱ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ሳለ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ማለት ይቻላል፣ እንዲህ አሉ፦

«ትገፊዋለሽ። አትግፊ። ሞረድ ቤት መጀመሪያ ቀን የተማርነው ይሄ ነው፤ ድንጋዩ ይሥራ፣ አንተ ያዝ ብቻ። ብረቱ ክብደት አለው። ይሥራ። አንቺ ያዢ።»

ለቀቅ አደረገችው። መላጫው በራሱ ክብደት ሄደ። ይህ ሰው በዚያ ሁሉ ዓመት ወሬ ውስጥ ይህቺን አንዲት እውነተኛ ነገር የት ደብቀዋት ኖሩ?

ስትጨርስ ፊታቸውን በቀዝቃዛ ፎጣ ጠረገች። ፎጣው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ሮስቪታ በሩ ላይ ቆመች፤ እጇ ላይ ፋሻ ይዛለች። አንከ ውሃውን አሞቀች፣ ብሩሹን በሳህን ውስጥ አሽከረከረች። ራይንሆልት የብሩሹን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ላይ የጋረዳት ግራ እጅ ቆመች። አረፋው ሸተተው። እጁ ቀስ ብላ፣ ማንም ሳይዛት፣ ወደ ጭኑ ወረደች።

አንከ ልቅሶዋን ዋጠችው፤ ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም። ጢሙ በሚተኛበት በኩል፣ አጠር አጠር አድርጋ፣ ጉሮሮው ላይ ወደ ጆሮ። ብረቱ ሠራ፣ እሷ ያዘች። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ወይዘሮ ሮስቪታ ቀርባ አገጩን በጣቷ ቀና አድርጋ አየች፣ ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች። ከዚያ ፋሻውን ወደ ሣጥኑ መለሰችው።

«ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ነዎት» አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰባት ደቂቃውን እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።»

«አውቃለሁ» አለች አንከ። «ያወጣውን ሰው ስም ይስጡኝ።»

በዚህ መሐል ራይንሆልት ግራ እጁን ዘርግቶ መላጫውን ሊያነሣ ይታገል ነበር። አንከ ዞር ስትል አውራ ጣቱን አሹሎ ወደ ምላጩ አፍ እያስጠጋ ነው።

«አንተም ፓፓ?!» ብላ ነጠቀችው። አባቷ ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ በግማሽ ፊቱ ቢሆንም ሳቀ።

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ሊቀ ምላጭ ኤግበርት ሽሉተር ዛሬ በአውቶቡስ ማቆሚያው፣ በዳቦ ቤቱ፣ በደረጃው ላይ ላገኙት ሁሉ እንዲህ ይላሉ፦ «ለጀማሪ ገራሙ ነው! ቁጡውን የሚመክርህ ሰው ጠላትህ ነው። ምላጭ ደግሞ በጥፍር አይነካም። ይህን እኔ ድሮ ነው የተናገርኩት።» አንከ አጠገባቸው ስትቆም ጥርሷን ታፋጫለች፤ ግን አታርማቸውም። አንድ ተሳፋሪ «እኚህ ሽማግሌ ምን ያውቃሉ?» ቢል አውቶቡሱን አቁማ አውርዳዋለች።

ዓርብ ዓርብ ፎጣቸውን ጠምጥመው ይመጣሉ። «እጅሽ እንዳይረሳ ነው» ይላሉ፤ እሷም «አዎ፣ እንዳይረሳ ነው» ትላለች። ፊታቸው ላይ ወረቀት ከጠፋ ቆየ። ምላጩን ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ትደብቅባቸዋለች፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ ትንሽ የኩሽና ቢላ ትተውላቸዋለች። ተላጭተው ሲያበቁ ያነሡታል፣ ጥፍራቸው ላይ ይጎትቱታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ይሄ ቢላ ነው? ይሄ ውርደት ነው! ምን ስትቆርጪበት ከረምሽ፣ ጡብ?»

ይዘውት ይወርዳሉ፤ በማግስቱ ፀጉር የሚሰነጥቅ አድርገው ይመልሱታል። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ አንከ ከግቢው በር ፊት ያለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ቁጢጥ ትላለች። ግራና ቀኝ አይታ፣ ያንን ቢላ ድንጋዩ ላይ እየፈተገች በደንብ አድርጋ ታደንዘዋለች።